ከክፍክፉ ሥር ያለችው ቀይ ወፍ

ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ፣ ሉማሜ ላይ የአሮጌውን ማድ ቤት የሣር ክዳን አውርደን ቆርቆሮ ልናለብስ አናጺ ጠራን። መሰላሉ ገና ሲደገፍ የልጅ ልጄ «እምዬ፣ እዚህ ወፍ አለች!» ብሎ ጮኸ። ከክፍክፉ ሥር፣ ከደረቅ ሣር የተሠራ ድቡልቡል ጎጆ፤ ውስጡ የዶሮ ላባ ተነጥፎበታል፤ ሦስት ነጫጭ እንቁላሎች ነበሩበት።

እኛ ትንሽ ወፍ ሁሉ ድንቢጥ ነው የምንለው። ይህችኛዋን አጥኚዎች ላጎኖስቲክታ ሴኔጋላ ይሏታል፤ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ ትገኛለች። ርዝመቷ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ወንዱ ከራሱ እስከ ደረቱ ቀይ ነው። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ዓይኗ ፊት ለፊትና ከጅራቷ በላይ ብቻ ቀላ ትላለች። የሁለቱም ምንቃር ቀይ ነው፤ ደረታቸው ጎን ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ነጭ ነጠብጣቦች አሉ።

አንድ ጎረቤታችን «ግሪሳ ናት፣ አስወግዷት» አሉ። አይደለችም። ግሪሳ እንደ ደመና ተሰብስቦ ማሳ ያወድማል፤ ይህች ግን ጥንድ ጥንድ ሆና፣ ቢበዛ በትንሽ መንጋ፣ ከዶሮዎቹ መሃል መሬት ላይ የወደቀ የሣር ፍሬ ትለቅማለች። ሰውንም እምብዛም አትሸሽም፤ ለልጆች ወንጭፍ የምትጋለጠውም በዚሁ ነው።

ባልና ሚስቱ እየተፈራረቁ 11 ወይም 12 ቀን ይታቀፋሉ፤ ጫጩቶቹ ደግሞ ለመብረር ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋሉ። ለአናጺው አንድ ወር ጠብቀን ስለው አጉረመረመ፤ እውነቱን ነው፣ ሥራ ፈታ።

በማግሥቱ እንቁላሉ አራት ሆነ። አንድ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ወፍ አለ፤ ሴቷ ጎጆ አትሠራም፣ እንቁላሏን እዚህችው ቀይ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። የእንግዳው ጫጩት የአፍ ውስጥ ነጠብጣብ ከባለቤቶቹ ልጆች ጋር ስለሚመሳሰል አሳዳጊዎቹ ሳይለዩ ይመግቡታል። ወንድ ከሆነ ያሳደገውን አባት ዜማ ተምሮ ያድጋል። የእኛ አራተኛ እንቁላል ግን የራሷም ሊሆን ይችላል፤ በቀን አንድ አንድ ነው የምትጥለው።

ለልጁ ሁለት ነገር አዘዝኩት፦ ከሩቅ እንጂ ጎጆውን እንዳይነካ፣ ላባም ሆነ የወፍ ኩስ ከነካ እጁን በሳሙና እንዲታጠብ። የሞተ ወፍ ቢያገኝ አያነሳም፣ ትልቅ ሰው ይጠራል። ሁለተኛውን አንዳንድ ቀን ይረሳል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ጎጆው ባዶ ሆነ፤ አናጺውም መጣ። ከአሮጌው ክዳን አንድ እቅፍ ሣር አስቀርቼ ከጎተራው ጥግ አስሬዋለሁ።