ከዋርካው ጥላ ወደ ሰፊው ገበያ፦ ትንንሽ የኢንተርኔት መንደሮቻችን ለምን ያስፈልጉናል?

ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

በአገራችን ዋርካ ሽማግሌ የሚዳኝበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ወሬ የሚጣራበት ሸንጎ ነው። «ሳይበር ኢትዮጵያ» የተባለው ድረ ገጽ የአማርኛ መወያያ መድረኩን «ዋርካ» ብሎ የሰየመው በከንቱ አልነበረም። በ2000ዎቹ ዓመታት (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፖለቲካው፣ ሥነ ጽሑፉና የፍቅር ጉዳዩ በየክፍሉ ተለይቶ፣ በብዕር ስም የሚተዋወቁ ወገኖች ከየአህጉሩ ይገናኙበት ነበር። ፓልቶክ ላይ ደግሞ በድምፅ የሚሟገቱ ክፍሎች ነበሩ።

ዛሬ አብዛኛው ሕዝባችን ወደ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ጠቅልሎ ገብቷል። ይህን የምጽፈው ናፍቆት ለመቀስቀስ ሳይሆን፣ ስንሄድ ምን ጥለን እንደሄድንና ምን እንዳስከፈለን እንደ አንድ መሐንዲስ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ትንሽ ማኅበረሰብ ምን ሊሠራ እንደሚችል እናስታውስ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተራ ኮምፒውተር የግዕዝን ፊደል አያውቅም ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ፊደላችን የተወሰነ የላቲን አጻጻፍ ስለሚሰጥ፣ በኢሜይል የተላከውን ጽሑፍ ኮምፒውተር መልሶ ወደ ግዕዝ ሊገለብጠው ይችል ነበር። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ቁጥር ስለነበረው፣ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ የጋራ መሠረት አገኘ። እዚያ እስክንደርስ ሸክሙን የተሸከሙት ችግሩ የራሳቸው የሆነ ጥቂት ሰዎች ነበሩ።

ትልቁ መድረክስ እንዴት ይሠራል? ገቢው ከማስታወቂያ ስለሆነ፣ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይለት ይፈልጋል። ስለዚህ ማሽኑ የሚመዝነው የነገሩን እውነትነት ሳይሆን ሰውን ምን ያህል እንዳነቃነቀ ነው። በ2021 ከፌስቡክ የወጡ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ የንዴቱን ጨምሮ የስሜት መግለጫ ምልክቶች ከተራው «ላይክ» አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጣቸው ነበር። ኩባንያው ኋላ ላይ ለንዴቱ ምልክት የሚሰጠውን ክብደት አነሳው። ለኛ ግን ጊዜው ክፉ ነበር።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በኖቬምበር 2021 ቤታቸው አጠገብ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በዲሴምበር 2022 ኬንያ ውስጥ በሜታ ላይ በመሠረተው ክስ፣ ከግድያው በፊት አባቱን ለጥቃት የሚያጋልጡ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ እንደወጡና ለኩባንያው ቢያመለክትም በጊዜው እንዳልተነሡ ይገልጻል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ኃላፊነቱን ፍርድ ቤት ይበይን። እኛን የሚያሳስበን ጥያቄ ግን፣ በቋንቋችን የሚጻፈውን አንብቦ የሚፈርድ ሰው በሩ ላይ አለ ወይ የሚለው ነው።

እኔ በምኖርበት በአትላንታ፣ ክላርክስተን አካባቢ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የሚከራይ ክፍል፣ የእድር ስብሰባ፣ የተዝካር ጥሪ። ባለሱቁ ለጣፊውን ብዙውን ጊዜ ያውቀዋል፤ አሳፋሪ ወረቀት ካየም ራሱ ይቀድደዋል። ትንሽ የኢንተርኔት መንደር ማለት ይኸው ነው። ጠባቂው አማርኛ ያውቃል፤ የስድቡን ሰም ብቻ ሳይሆን ወርቁንም ይረዳል። ማሽን ሰሙን አንብቦ ያልፋል።

ይህን ስል በዋርካው ሥር ሰላም ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። በብዕር ስም ተሸሽጎ መሳደብ ነበር። ፓልቶክ ላይም የክፍሉ አስተዳዳሪ ያልወደደውን ተናጋሪ በ«ቀይ ነጥብ» አፉን ያስይዘው ነበር፤ ፍትሕ በሌለበትም ጭምር። ነገር ግን ያን ስድብ አንሥቶ፣ ወደ ክፍሉ ላልገባ ሚሊዮን ሰው የሚያደርስ ማሽን አልነበረም። የተበደለም ወጥቶ ሌላ ክፍል ይከፍታል።

የትንንሾቹ እውነተኛ ድካም ዕድሜ ማጣት ነው። ብዙዎቹ በአንድ ሰው ኪስና ትዕግሥት የቆሙ ናቸው። የሌላ ሰው ቤት ተከራይቶ መኖርም ዋስትና የለውም፤ ያሁ በ2019 የቡድኖቹን መዝገብ መደምሰስ ጀምሮ በ2020 መጨረሻ አገልግሎቱን ሲዘጋ፣ የስንቱ ማኅበር የዓመታት ውይይት አብሮ ጠፋ። ዛሬም የቴሌግራም ቡድናችን እንደኛ ንብረት ቢመስለንም፣ የቤቱ ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የድረ ገጹ ስም በግለሰብ ሳይሆን በማኅበሩ ይመዝገብ። አስተዳዳሪዎቹ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ በየጊዜውም ይቀያየሩ። የጽሑፉ ቅጂ በየዓመቱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። በ2018 መመዘኛ ሆኖ የጸደቀው «አክቲቪቲ ፐብ» የተባለው ሥርዓት ደግሞ፣ ኢሜይል ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው እንደሚሄድ ሁሉ፣ ተለያይተው የቆሙ ትንንሽ መንደሮች መልእክት እንዲለዋወጡ ያስችላል። «ማስቶዶን» የሚሠራው በዚህ ነው። ለጽሑፍ ውይይት የሚሆን ኮምፒውተር መከራየት ለአንድ እድር ከባድ ወጪ አይሆንም፤ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ተራ ገብቶ በር መጠበቁ ነው።

ገበያ መሄዳችን አይቀርም፤ ዜና የሚሰማውም፣ ሰው የሚጠራውም እዚያ ነው። ሽምግልና ግን ገበያ መሀል አይቀመጥም።

ቸር ይግጠመን!