ዕፅ በሚዛን፣ ንግግር በግምት

የመንዝ ሽማግሌዎች ትንባሆን የሚጠሉት ለጤና ብለው አልነበረም። ቅጠሉ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ነው ሲባል እየሰሙ ያደጉ ናቸው። በመንዟ ሞላሌ ማኅበር ተቀምጦ፣ ጠላ እየተቀዳ፣ ባና የደረቡ አባቶች አጠገብ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ቢገኝ እንደ ባለጌ ብቻ ሳይሆን እንደ ከሃዲም ነበር የሚታየው። ዕፁና ክህደቱ ከሥራቸው አብረው የተነገሩ ናቸው። አገር የገዙትም ሁለቱን በአንድ ቢላዋ ለመቅጣት አልተቸገሩም።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆ ከልክለው ነበር። የሚያጨስ ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ የውጭ መንገደኞች ጽፈዋል። በ1870 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጦር መንዝን አቋርጦ ሸዋ ገባ፤ ምኒልክም ልቼ ላይ ገበሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገና በሸዋ ሥር ሰዶ የነበረው፣ ስለ ክርስቶስ የሚያስተምረው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ከያዝነው አንለቅም ያሉ ሊቃውንት ምላሳቸው ተቆረጠ። ከንፈር ያስቆረጠው ሥልጣን ምላስም አስቆረጠ ማለት ነው። ለአጫሹ ቢያንስ ማስረጃው እጁ ላይ ነበር፤ የሊቃውንቱ ጥፋት ግን ያመኑትን መናገራቸው ብቻ ነው።

ነገሩ ከዚያም ይቀድማል። ከሞላሌ በሰላድንጋይና በጣርማ በር አድርጎ የሚደረስባት ደብረ ብርሃን የተቆረቆረችው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን መነኮሳት በድንጋይ ካስወገሩ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው። መነኮሳቱ ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸው ከመወገር ሌላ አፍንጫቸውንና ምላሳቸውን እስከ መቆረጥ ደርሰዋል። ታሪካቸውን ወደ አማርኛ መልሰው ያስነበቡን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሸንኮራ ተወላጅ ናቸው። እሳቸውም በ1968 ዓ.ም. ደርግን በመቃወማቸው ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች ተመትተው ቀሪ ዘመናቸውን በተሽከርካሪ ወንበር አሳልፈዋል።

በዚህችው በደብረ ብርሃን ከተማ በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ንግግር አደረጉ። በጥቁር አንበሳ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን፣ በኋላም የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት ሊቀ መንበር የነበሩ ሰው ናቸው። በሰኔ 1983 ዓ.ም. የሽግግር ቻርተሩ በጸደቀበት ጉባኤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው ተገኝተው የኤርትራን መገንጠል የተቃወሙትም እሳቸው ነበሩ። ያ ቻርተር ገና በመጀመሪያው አንቀጹ ሐሳብን የመግለጽና በሰላም የመሰብሰብ መብትን ያረጋገጠ ነው። የፕሬስ ነጻነት አዋጁም ቢሆን ከደብረ ብርሃኑ ስብሰባ ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቷል።

መብቱ በወረቀት ላይ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ቅጣቱ ጀመረ። ፕሮፌሰር አሥራት በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ከተባረሩት ከ40 በላይ መምህራን አንዱ ሆኑ። በሰኔ 1986 ዓ.ም. በድርጅቱ ቢሮ አመፅ መክረዋል ተብለው 2 ዓመት ተፈረደባቸው። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ብርሃኑ ንግግር ለአመፅ የሚያነሳሳ ነው ተብሎ 3 ዓመት ተጨመረባቸው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ ብሎ ሲሟገትላቸው ቆየ። እስር ቤት ሳሉ ልባቸው ታመመ፤ በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲወጡ ሲፈቀድላቸው ጊዜው አልፎ ነበር። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ። ስንቱን በሽተኛ በቀዶ ሕክምና ያዳነ እጅ ለራሱ የሚያክመው ያጣው ባደረገው ንግግር የተነሳ ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ሁለቱን ክሶች፣ የዕፁንና የንግግሩን፣ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ ሐሺሽ ነው ያለውን ነገር ያቀርባል፣ ይመዘናል፣ ይመረመራል፣ ተከሳሹም በውጤቱ ላይ ይከራከራል። የንግግር ክስ ላይ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት አለ? የፍትሕ ጋዜጣው ተመስገን ደሳለኝ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. በመጣጥፎች 3 ዓመት ተፈረደበት። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በ2004 ዓ.ም. በፀረ ሽብር አዋጁ 18 ዓመት ተፈርዶበት እስከ የካቲት 2010 ዓ.ም. ታሰረ። ጽሑፋቸው በማን ላይ ምን ጉዳት እንዳደረሰ የሚለካ ሚዛን አልነበረም።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም። እዚያ ንግግርን በቀጥታ መክሰስ ሲያስቸግር ዕፁ ሽፋን ሆኗል። ጆን ሲንክሌር የተባለው የሚቺጋን የፖለቲካ አራማጅና ገጣሚ በ1969 እ.ኤ.አ. ሁለት ጥቅል ማሪዋና ሰጥቷል ተብሎ 10 ዓመት ተፈረደበት፤ ጆን ሌነን የተገኘበት የድጋፍ ኮንሰርት ከተካሄደ ከሦስት ቀን በኋላ፣ በ1971 መጨረሻ ተፈታ።

ንግግር ሰው አይገድልም የምል አይደለሁም። የሩዋንዳውን የሚል ኮሊን ሬዲዮ የሰማ እንዲህ አይልም። ነገር ግን የሩዋንዳውን የዘር ማጥፋት የዳኘው የአሩሻው ፍርድ ቤት የይግባኝ ችሎት በ2007 እ.ኤ.አ. የሬዲዮውን ጉዳይ ሲመረምር ስርጭቱን በቀን ለይቶ፣ ጭፍጨፋው ከጀመረ በኋላ የተላለፈውን ከቀድሞው ነጥሎ ነው ጥፋተኝነቱን ያጠበበው። በዘር ማጥፋት ክስ ላይ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ በአንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ላይ የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ተከታዮቹ ከ5 ሺህ ካለፉ እስከ 3 ዓመት ያስቀጣዋል። የሞላሌ ወጣት ስልኩ ላይ የሚጽፈው ነገር የሚዳኘው በዚህ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለአሥር ወራት ያህል በአማራ ክልል ላይ ተደርቦበት ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 6 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት በአመለካከቱ ይዘት ወይም በሚያስከትለው ውጤት ምክንያት ሊገደብ እንደማይገባ ይደነግጋል። የመንዝ ሰው ይግባኝ ይዞ የሚወርደው ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ የሚቀመጡ ዳኞች የንግግር ክስ ሲቀርብላቸው ዐቃቤ ሕጉን፦ የትኛው ቃል፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ላይ ምን አደረሰ ብለው ይጠይቁት፤ መልስ ከሌለው መዝገቡን ዘግተው ሰውየውን ወደ ቤቱ ይስደዱት።