የገበያ መለያ ፈላጊ፦ ከድሬዳዋ የቡና መጋዘን እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

የገበያ መለያ ፈላጊ የአንድን ምርት፣ አክሲዮን ወይም የግብይት ውል ስም ተቀብሎ በገበያው መዝገብ የተሰጠውን አጭር መለያ የሚያወጣ ሶፍትዌር ነው። ዛሬ ከሰዎች ሌላ ኤጀንት የሚባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎችም ይጠቀሙበታል። ኤጀንት የቀረበለትን ጥያቄ በደረጃ ከፋፍሎ ለየደረጃው የሚስማማውን መሣሪያ ይጠራል። «የሐረር ቡና ዛሬ ስንት ዋለ?» ሲባል መጀመሪያ የትኛው የሐረር ቡና እንደሆነ መለየት አለበት። ዋጋ የሚያወጣው ሥርዓት የሚያውቀው መለያን ነውና፣ በመለያው የተሳሳተ ኤጀንት የሌላ ዕቃ ዋጋ ይዞ ይመለሳል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ገበያው በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ፤ ቡና በ2001 ዓ.ም. ገባ። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ጭነቱን በዓይኑ ስለማያይ፣ የቡናው ዓይነት፣ መነሻና ደረጃ በመለያው መገለጽ ነበረበት።

ለሐረርጌ ቡና ይህ የመለየት ሥራ የሚሠራው ድሬዳዋ በሚገኘው የገበያው ቅርንጫፍ ነው። ከጭነቱ ናሙና ይወሰድና ባለቤቱን በማይገልጽ ኮድ ወደ ላቦራቶሪ ይገባል። ባለሙያዎች የጥሬውን ፍሬ ጉድለትና ሽታ ይመረምራሉ፤ ከዚያም ቆልተው፣ ፈጭተውና አፍልተው ይቀምሱታል። ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለቅምሻው ይያዛል። ደረጃው ሲታወቅ ቡናው መጋዘን ይገባል፣ ለባለቤቱም ደረሰኝ ይሰጠዋል።

መለያው በእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጻፍ ሲሆን ለምሳሌ ዩ-ኤች-አር-ኤ ተብሎ ይነበባል። ዩ ያልታጠበ ቡና መሆኑን፣ ኤች-አር ሐረርን፣ ኤ ደግሞ ምድቡን ያመለክታል፤ መጨረሻ ላይ የደረጃው ቁጥር ይቀጠላል። ምርት ገበያው በቡና ውሉ «ሐረር» የሚለውን ስም በአምስት ምድብ ከፍሎታል። ኤ የምሥራቅ ሐረርጌንና የድሬዳዋ ዙሪያን፣ ቢ የምዕራብ ሐረርጌን፣ ሲ የአርሲ ጎልጎልቻን፣ ዲ የባሌን፣ ኢ ደግሞ የሒርናንና የመሰላን ቡና ይይዛል።

እዚህ ላይ የፈላጊው አስቸጋሪ ሥራ ይታያል። ሒርናና መሰላ በአስተዳደር ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ናቸው፤ ምድባቸው ግን ለብቻው ኢ ነው። የአስተዳደር ካርታን ብቻ የሚከተል ኤጀንት የሒርናን ቡና በቢ ዋጋ ይተምናል። የአርሲና የባሌ ቡና «ሐረር» በሚል ስም መመደቡም ስሙን ብቻ አይቶ መለያ መምረጥ እንደማያስተማምን ያሳያል። ስለዚህ ጥሩ ፈላጊ ለ«ሐረር ቡና» አንድ መልስ አይሰጥም፤ አምስቱንም ከነመነሻቸው ይዘረዝራል።

ፍለጋው የሚጀምረው ጽሑፉን በማስተካከል ነው። አማርኛ ጸሐፊዎች አንዱን ከተማ ሐረር፣ ሀረር ወይም ሃረር ብለው ይጽፋሉ፤ ድሬዳዋም አንዳንዴ ተነጥሎ ድሬ ዳዋ፣ በሶማልኛ ደግሞ ዲሪዳባ ይባላል። ፈላጊው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ያመጣል፤ የየቋንቋውንም ስም ከአንድ ቦታ ጋር ያያይዛል። ቀጥሎ ስሙን ከመዝገቡ ጋር ያነጻጽራል፦ በቀጥታ የሚገጥመውን ያስቀድማል፣ በከፊል የሚመሳሰለውን ያስከትላል። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ዕጩ መለያውን፣ ሙሉ ስሙን፣ የሚሸጥበትን ገበያ፣ የገንዘቡን ዓይነትና መለኪያውን በተወሰነ ቅርጽ ያቀርባል። ኤጀንቱ መለያውን ወስዶ ለዋጋ መጠየቂያው መሣሪያ የሚያቀብለው ከዚህ በኋላ ነው።

ከዚህ በፊት ምርጫው የሰው ድርሻ ነበር። የምርት ገበያው 929 የስልክ መስመር ላይ ደዋዩ ቋንቋውንና ምርቱን በቁጥር እየመረጠ ዋጋ ይሰማል። ኤጀንት ግን ምርጫውን ራሱ ያደርጋል። መሣሪያዎችን ከኤጀንቶች ጋር ለማገናኘት አንትሮፒክ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባል የጋራ ደንብ አለ። መሣሪያው ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚቀበል በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ኤጀንቱ ያንን አንብቦ ይጠራዋል።

በውጭ ገበያ ደግሞ መለያው ጊዜንም ይጨምራል። በኒውዮርክ የአረቢካ ቡና የወደፊት ውል ኬ-ሲ በሚሉ ፊደላት ይታወቃል፤ የማስረከቢያው ወርና ዓመት ይከተሉታል፤ ለምሳሌ ዜድ ዲሴምበርን ያመለክታል። ዋጋው በአንድ ፓውንድ ክብደት በአሜሪካ ሳንቲም ሲጠራ፣ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግን በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎግራም፣ በብር ይነገራል። የድሬዳዋ ነጋዴ ሁለቱን ለማወዳደር ሲጠይቅ፣ ከመለያው ጋር መለኪያው ካልመጣ ኤጀንቱ የማይወዳደሩ ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጥለታል።

የአክሲዮን ግብይት ሲስፋፋ መሣሪያው ይበልጥ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነው። «አዋሽ» ብሎ ለጠየቀ ባንክም ኢንሹራንስም አለ፤ ስለዚህ ፈላጊው የኩባንያውን ዘርፍ አብሮ ማሳየት ይገባዋል። አክሲዮኑ በገበያው ያልተመዘገበ ከሆነ ትክክለኛው መልስ «አልተገኘም» ነው። በስም የሚቀራረብ የውጭ ኩባንያ አምጥቶ ቦታውን መሙላት ሰውን ገንዘቡን ሊያሳጣ ይችላል።

በዚህ ምክንያት ከፈላጊው ጋር የሚሠራ ኤጀንት ሦስት ነገሮችን መጠበቅ አለበት። ዕጩዎቹ ከአንድ ሲበልጡ ጠያቂውን ያማክራል፤ ዕጩ ሲጠፋ መጥፋቱን ይናገራል፤ ዋጋ ሲያቀርብም የተጠቀመበትን መለያ፣ መለኪያና ቀን አብሮ ይጽፋል። እነዚህ ከተሟሉ የሒርናው አቅራቢም ሆነ የድሬዳዋው ነጋዴ የተነገረው ዋጋ የእርሱ ቡና ዋጋ መሆን አለመሆኑን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል።