የመጠጡ መደርደሪያ ስንት ሰዓት ይዘጋ?

በእንግሊዝና በዌልስ አንድ ሱፐርማርኬት አልኮል የሚሸጥበትን ሰዓት ለማራዘም ሲያመለክት፣ ሰፈርተኛው ወሬውን የሚሰማው ከአንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ፈዛዛ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ስፋቱ ከኤ4 አያንስም፣ የፊደሉ መጠንም ከ16 በታች እንዳይሆን ደንቡ ያዛል። መንገደኛ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመግቢያው መስታወት ላይ፣ ለ28 ተከታታይ ቀናት ተለጥፎ ይቆያል። ከቅናሽ ማስታወቂያዎች መሃል ስለሚለጠፍ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል። በእነዚያ 28 ቀናት ውስጥ አንድም ተቀባይነት ያለው ተቃውሞ ካልቀረበ ግን የአካባቢው ምክር ቤት ጥያቄውን የመፍቀድ ግዴታ አለበት። ዝም ያለ ሰፈር እንደተስማማ ይቆጠራል።

የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ እስካሁን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት አልኮል ይሸጥ የነበረ መደብር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ልሽጥ ይላል፤ ደፈር ያለው ደግሞ 24 ሰዓት ሙሉ ይጠይቃል። (እዚህ ሰዓቱ በኢትዮጵያ፣ ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መደብሩ ራሱ ቀድሞም ክፍት ሊሆን ይችላል። ዳቦና ወተት ይሸጣል፤ የመጠጡ መደርደሪያ ግን መጋረጃ ወርዶበት ወይም ሰንሰለት ተዘርግቶበት ይቆያል። ደንበኛ ሾልኮ አንድ ጠርሙስ ቢያነሳ እንኳ የሒሳብ ማሽኑ ከሰዓቱ በፊት አልቀበልም ይላል። የሱፐርማርኬቶቹ ዋና ክርክርም ከዚሁ ይነሳል፦ የሌሊት ሠራተኛ አለን፣ መብራቱ በርቷል፣ በሩ ክፍት ነው፤ አስቤዛውን የጨረሰ ሰው ወይኑን ብቻ መልሶ እንዲያስቀምጥ የሚገደደው ለምንድን ነው?

ከ2 እስከ 5 ያለው ሰዓት ከአሮጌው ሕግ የተወረሰ ነው። እንግሊዝ የመጠጥ ሰዓትን አጥብቃ መቆጣጠር የጀመረችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ስካር ምርት ያስተጓጉላል ተብሎ በ1915 የመጠጥ ንግዱን የሚቆጣጠር ቦርድ ተቋቋመ፤ መጠጥ ቤቶችም ከሰዓት በኋላ እንዲዘጉ ተደረገ። ጦርነቱ ቢያልቅም ቁጥጥሩ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። ሱቆች በአዘቦት ቀን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ብቻ እንዲሸጡ ይፈቀድ ነበር። ይህን ያፈረሰው በ2003 ወጥቶ ኅዳር 2005 በሥራ ላይ የዋለው የፈቃድ ሕግ ነው። ሕጉ ለሁሉም አንድ ሰዓት መወሰኑን ትቶ እያንዳንዱ ቤት የሚፈልገውን እንዲጠይቅ አደረገ፤ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣንም ከዳኞች ወስዶ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ሰጠ። ጎረቤት ከጎረቤት መሟገት የጀመረው ያን ጊዜ ባይሆንም፣ ሙግቱ በየሱቁ ደጃፍ የመጣው ግን በዚህ ሕግ ነው።

በየመኖሪያ ሰፈሩ ደጃፍ የመጣበት ሌላም ምክንያት አለ። በእሑድ ንግድ ሕግ መሠረት ከ280 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ሱቅ እሑድ ዕለት ከ6 ተከታታይ ሰዓት በላይ ሊከፍት አይችልም፤ የ24 ሰዓት የመጠጥ ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ። ስለዚህ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቴስኮ ኤክስፕረስና ሴንስበሪስ ሎካልን የመሰሉ ትንንሽ ቅርንጫፎችን ከዚያ ልክ በታች እያደረጉ ይከፍታሉ። የእነዚህ ቦታ ደግሞ ከከተማ ዳር ያለ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አጠገብ አይደለም፤ ሰው በሚተኛበት መስኮት ሥር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ «ግሮሰሪ» ሲባል ቢራና ድራፍት የሚጠጣበት ጠበብ ያለ ቤት ነው፤ እንግሊዞች ዘንድ ግን ቃሉ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ማለት ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ከመጠጥ ቤት የሚገዛ ሰው እዚያው ይጠጣል፤ አስተናጋጅ ያየዋል፣ ሲበዛበት ይከለከላል። ከሱፐርማርኬት የገዛ ግን ይዞት ይወጣል። የት እንደሚጠጣው ሻጩ አያውቅም፤ ጎረቤቱ ግን ያውቃል። በጎረቤቶች የተቃውሞ ደብዳቤ ውስጥ የሚደጋገመው ያው ነው፦ አጥር ላይ የተቀመጠ ባዶ ጣሳ፣ ደረጃ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ፣ በር ሥር የተሸና ሽንት፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ሙዚቃ ከፍቶ ጓደኛውን የሚጠብቅ መኪና። በየአካባቢው ያሉ መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ ያልጠገበው ሁሉ ወደዚያ አንድ ክፍት በር ይጎርፋል የሚል ስጋትም አለ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ደንበኛ ይመጣል፦ እጁ እየተንቀጠቀጠ መከፈቻውን የሚጠብቅ የመጠጥ ሱሰኛ። ልጅ ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ወላጅ ያንን ሰልፍ ማየት አይፈልግም።

ይህ ሁሉ ቅሬታ ግን ሕጉ በሚያውቃቸው አራት ዓላማዎች ማለፍ አለበት፦ ወንጀልና ረብሻን መከላከል፣ የሕዝብ ደህንነት፣ አካባቢን የሚያውክ ነገርን መከላከል፣ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ክርክር አይደመጥም። «ሰፈራችን በቂ መጠጥ መሸጫ አለው» ማለት ዋጋ የለውም፤ ሕጉ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን አይጠይቅም። የቤታችን ዋጋ ይወርዳል፣ መኪና ማቆሚያ እናጣለን፣ የጭነት መኪና በሌሊት ይመጣብናል የሚሉትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ የሕንፃና የፕላን ክፍሉ ጉዳይ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ገጽ ሙሉ እውነት ጽፎ አንዱም አይቆጠርለትም። ጤናም ከአራቱ አንዱ አይደለም። የሕዝብ ጤና ኃላፊው አስተያየት እንዲሰጥ ሕጉ ቢፈቅድለትም፣ «መጠጥ ጉበት ይጎዳል» ብሎ ብቻ ሊከራከር አይችልም፤ ጉዳቱን ከወንጀል ወይም ከረብሻ ጋር ማያያዝ ይኖርበታል። ይህ የሕጉ ትልቁ ክፍተት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስኮትላንድ ክፍተቱን ዘግታዋለች። በ2005 ያወጣችው ሕግ የሕዝብ ጤናን አምስተኛ ዓላማ አድርጎ ጨመረ፤ ከሱቅ የሚወሰድ አልኮልም ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብቻ እንዲሸጥ ወሰነ። ግላስጎው ውስጥ የትኛውም ሱፐርማርኬት ከዚህ በላይ ልጠይቅ ቢል መንገድ የለውም። የሰዓት ገደብ ለውጥ እንደሚያመጣም ከጀርመን የተገኘ ማስረጃ አለ። የባደን ቩርተምበርግ ክልል ከ2010 እስከ 2017 ድረስ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት በሱቆች አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር፤ ጥናት ያደረጉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በአልኮል ምክንያት ሆስፒታል የሚገቡ ወጣቶች ቁጥር በ7 ከመቶ ገደማ መቀነሱን አግኝተዋል።

እንግሊዝ ውስጥ ግን የአገር ጥናት ይዞ መምጣት አይበቃም፤ ማስረጃው ስለዚያች አንዲት በር መሆን አለበት። መንግሥት ለምክር ቤቶች ያወጣው መመሪያ ሱቆችና ሱፐርማርኬቶች በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር ለሌላው ሸቀጥ ክፍት በሆኑበት ሰዓት ሁሉ አልኮል ለመሸጥ ነጻ ሊሆኑ እንደሚገባ ይናገራል። ስለዚህ የማስረዳቱ ሸክም በተቃዋሚው ትከሻ ላይ ይወድቃል። በ2008 በዊራል ስለሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት የተሰጠ ፍርድ ነገሩን ያጠብቀዋል። ምክር ቤቱ ሰዓቱን ሲያራዝም ነዋሪዎች ይግባኝ ብለው ነበር፤ የታችኛው ፍርድ ቤትም ረብሻ ይመጣል በሚል ሰዓቱን ቆረጠው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን ያንን ውሳኔ ሻረው። መጠጥ ቤቱ በተራዘመው ሰዓት ሲሠራ ቆይቶ ችግር አልታየም ነበር፤ ፖሊስም ተቃውሞውን አንሥቶ ነበር፤ የቀረው ስጋት ብቻ ነው፣ ስጋት ደግሞ ማስረጃ አይሆንም ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሱፐርማርኬት ጠበቃ ሁሉ ይህን ፍርድ በኪሱ ይዞ ይመጣል።

ተቃውሞ ከቀረበ ጉዳዩ የሚታየው በሦስት የምክር ቤት አባላት ፊት ነው። ፍርድ ቤት አይደለም፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የውኃ ብርጭቆ፣ ከጎን የተቀመጠ የሕግ አማካሪ ያለበት የስብሰባ አዳራሽ ነው። በአንድ ወገን ጠበቃና የአካባቢው ሥራ አስኪያጅ፣ በሌላው ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው የመጡ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች። የጎረቤቱ ጉልበት ያለው ቀን ተጽፎበት በተቀመጠው ነገር ነው፦ በዚህ ሌሊት፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህ ሆነ፤ ፎቶው ይኸውና፤ ለፖሊስ ስደውል የተሰጠኝ ቁጥር ይህ ነው። «ሁልጊዜ ይረብሹናል» የሚለው ንግግር አዳራሹን ያሳዝናል እንጂ ውሳኔውን አያስቀይርም። ፖሊስ ተቃዋሚ ሆኖ ከመጣ ሚዛኑ ይለወጣል፤ ፖሊስ ዝም ካለ ግን ብቻቸውን የቀሩ ጎረቤቶች ብዙ አይገፉም።

ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ እሺታም ሙሉ እምቢታም አይደለም። 24 ሰዓት የጠየቀው እስከ እኩለ ሌሊት ያገኛል፤ ከዚያ የቅድመ ሁኔታ ዝርዝር ይከተለዋል። ካሜራው የቀረጸውን ለ31 ቀናት ያስቀምጥ፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ጥበቃ ይቁም፤ ጠንካራ መጠጥ ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ይሁን፤ ከ25 ዓመት በታች የሚመስል ሁሉ መታወቂያ ይጠየቅ። (በእንግሊዝ አልኮል ለመግዛት 18 ዓመት ይበቃል፤ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ነው፤ የአዋጁ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።) ለሰፈሩ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ቢራ በነጠላ ጣሳ እንዳይሸጥና የአልኮል መጠኑ ከ6.5 ከመቶ የሚበልጥ ርካሽ ቢራ ከመደርደሪያው እንዲወጣ የሚያዘው ነው። ሐሳቡ በ2012 ኢፕስዊች ከተማ ሱቆች በፈቃደኝነት ከጀመሩት ዘመቻ በኋላ በየቦታው ተስፋፍቷል። መንገድ ላይ ተቀምጦ የሚጠጣው ሰው የሚፈልገው ያንኑ ጣሳ ነውና፣ እሱ ከሌለ ስለ ሰዓቱ መሟገት ግማሽ ትርጉሙን ያጣል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወደ ሱቁ የማይገባ ደንበኛ መጥቷል። በስልኩ ያዝዛል፣ ሞተረኛ ያደርስለታል። ሕጉ ሽያጩ የሚፈጸመው ዕቃው ለገዢው ተመርጦ በተለየበት ቦታ ነው ስለሚል፣ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሱፐርማርኬቱ ነው፤ በሌሊት ሞተሩ የሚያጓራውም እዚያው ደጃፍ ነው።

በውሳኔው ያልረካ ወገን በ21 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ወጪው ግን ለጎረቤት ከባድ ነው፤ ከተሸነፈ የሌላውን ወገን የጠበቃ ክፍያ ሊሸከም ይችላል። የተሻለው መንገድ መጠበቅና መመዝገብ ነው። ፈቃዱ ከተራዘመ በኋላ ችግር ከታየ ማንም ነዋሪ ያለ ክፍያ ፈቃዱ እንደገና እንዲመረመር መጠየቅ ይችላል፤ ምክር ቤቱም ሰዓቱን የመቁረጥ፣ ፈቃዱን የማገድ ወይም የመሰረዝ ሥልጣን አለው። አሁን ግምት ሳይሆን የሆነ ነገር ነው የሚቀርበው። ያን ጊዜ በዚያው ሱቅ አጠገብ ፈዛዛ ሰማያዊ ወረቀት እንደገና ለ28 ቀናት ይለጠፋል፤ የሚለጥፈው ግን ሱፐርማርኬቱ ሳይሆን ምክር ቤቱ ነው።