ሁለት ግራፊክስ ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስን መጫን፦ ምክንያቱ፣ ቅደም ተከተሉና ጥንቃቄው

በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ (ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባቋቋሙት በዚህ ማዕከል ስለ ኮምፒውተር እንድናገር በመጋበዜ አመሰግናለሁ። ርእሱን የመረጥሁት ከእናንተው ሥራ ተነሥቼ ነው። በእጽዋት ተመራማሪ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ዓይነት ሸክም ይወድቃል። አንደኛው ከመብራት መስመር ርቆ፣ ከጽድና ከወይራ ሥር ተቀምጦ የናሙና መረጃ መመዝገብና ካርታ መመልከት ነው፤ ይህ የሚቆይ ባትሪ ይሻል። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ በብዙ የቅጠል ፎቶግራፎች ሠልጥኖ ዝርያ እንዲለይ ማድረግ ነው፤ ይህ ደግሞ ጉልበት ይሻል። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ የተሠራው እነዚህን ሁለት ፍላጎቶች ለማስታረቅ ነው።

ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ሊኑክስን ለመጫን የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥቁር ስክሪን ነው። ተማሪው «ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል፤ ከዚያም ፈቃድ ወደሌለውና ምን እንደተጨመረበት ወደማይታወቅ የዊንዶውስ ቅጂ ይመለሳል። የሁለት ዓመት የመስክ መረጃውም በዚያው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥቁሩ ስክሪን ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ትርፍ እውቀት አይደለም፤ የምርምራችንን ደኅንነት የሚነካ ጉዳይ ነው።

ክፍት ምንጭ ለተመራማሪ ምኑ ነው?

በእጽዋት ሳይንስ የአንድ ዝርያ ስም ከዓይነተኛ ናሙና ጋር የተሳሰረ ነው። ስሙን የተጠራጠረ ሰው ወደ ሄርባሪየም ሄዶ ናሙናውን ራሱ ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው ባለ 8 ቅጹ የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መዝገብ ዛሬም ሊፈተሽ የሚችለው ከበስተጀርባው ናሙናዎች ስላሉ ነው። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርም እንደዚሁ ነው፤ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ የተጠራጠረ ይመረምረዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው ሊኑክስ የዚህ አሠራር ትልቁ ምሳሌ ነው። የካርታ ሥራ የምንሠራበት ኪውጂአይኤስና ለስታቲስቲክስ የምንጠቀምበት አር የተባለው ቋንቋም ክፍት ምንጭ ናቸው። ዝግ የሆነ ድራይቨር ግን ናሙና እንደሌለው ስም ነው፤ ሲሠራ እንቀበለዋለን፣ ሲበላሽ ግን ውስጡን የምናይበት መንገድ የለንም። የዛሬው ችግራችን ሥሩ ይኸው ነው።

ሁለቱ ካርዶች እንዴት ይሠራሉ?

ሁለቱ ካርዶች እንደ ጥማድ በሬ አንድ ቀንበር ተሸክመው የሚጎትቱ አይደሉም። አንደኛው ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ የኮምፒውተሩን ራም ይጋራል፣ ጥቂት ኤሌክትሪክም ይበቃዋል። ሁለተኛው የራሱ ማህደረ ትውስታ ያለው፣ ብርቱና ኤሌክትሪክ የሚበላ ካርድ ነው። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ስክሪኑ የተገናኘው ከመጀመሪያው ጋር ብቻ ነው። ከባድ ሥራ ሲመጣ ሁለተኛው ካርድ ምስሉን ሠርቶ ለመጀመሪያው ያስረክባል፤ የመጀመሪያው ደግሞ በስክሪኑ ላይ ያሳየዋል። ሥራው ሲያልቅ ብርቱው ካርድ መተኛት አለበት።

ኤንቪዲያ ይህን አሠራር ኦፕቲመስ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያስተዋውቅ ርክክቡን የሚያስተባብረው ሶፍትዌር የተዘጋጀው ለዊንዶውስ ነበር። የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ባምብልቢ በተባለ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ለዓመታት ተገለገሉ። ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሲያደርግ ስለ እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ተጠይቆ በኩባንያው ላይ በአደባባይ የተናገረው ኃይለ ቃል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ነገሩ የተሻሻለው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኤንቪዲያ ድራይቨር ፕራይም የተባለውን የርክክብ ዘዴ መደገፍ ጀመረ፤ በ2022 ደግሞ ኩባንያው ከከርነሉ ጋር የሚገናኘውን የድራይቨሩን ክፍል ኮድ ለአዳዲሶቹ ካርዶች ክፍት አደረገ። ሁለተኛው ካርዳቸው የኤኤምዲ የሆነ ላፕቶፖች ግን ድራይቨራቸው በከርነሉ ውስጥ ስላለ ችግራቸው እጅግ ያነሰ ነው።

አሁን የጥቁሩ ስክሪን ምክንያት ግልጽ ይሆናል። ኑቮ የተባለው ክፍት ድራይቨር የተጻፈው በአብዛኛው የካርዱን ጠባይ ከውጭ በማጥናት ነው። መጫኛው ሲነሣ ኑቮ በሚገባ የማያውቀውን ካርድ ለማዘዝ ይሞክራል፤ ካርዱ ካልታዘዘ ማሽኑ ይቆማል፣ ስክሪኑም ይጨልማል። ላፕቶፑ አልተበላሸም፤ ሊኑክስም አልተሳነውም።

የአጫጫኑ ቅደም ተከተል

ምሳሌዬ ኡቡንቱ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለሌሎቹም ይሠራል።

አንደኛ፣ ዝግጅት። የመረጃችሁን ቅጂ በሌላ ዲስክ አስቀምጡ። ዊንዶውስ ጎን ለጎን እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ከተቆለፈ የመክፈቻ ቁልፉን በወረቀት ጻፉት፤ የማስነሻው ቅንብር ሲነካ ኮምፒውተሩ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላልና። ፋስት ስታርትአፕ የተባለውንም የዊንዶውስ ቅንብር አጥፉ።

ሁለተኛ፣ ፋይሉን ማግኘት። መጫኛው ብዙ ጊጋባይት የሚመዝን ስለሆነ አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ለሌሎች ቢያድል ይመረጣል፤ ፈቃዱም ይህን አይከለክልም። ሆኖም ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ፋይል ሳይጎድልና ሳይነካ መድረሱን ሻ-256 በተባለው የማረጋገጫ ቁጥር መፈተሽ ግድ ነው። ኡቡንቱ ከ19.10 ጀምሮ የኤንቪዲያን ድራይቨር በመጫኛው ውስጥ ማካተቱ ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ቦታ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥቁሩን ስክሪን ማለፍ። ከፍላሹ ስታስነሡ በሚመጣው ዝርዝር ሴፍ ግራፊክስ የሚለውን ምረጡ። ይህ ምርጫ ኖሞድሴት የተባለውን ትእዛዝ ለከርነሉ ያስተላልፋል፤ ትርጉሙም «የግራፊክስ ካርዶቹን ለጊዜው አትንካ» ማለት ነው። ቃሉን አስተውሉ፤ ለጊዜው ነው። ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ ይህ ትእዛዝ መነሣት አለበት። ካልተነሣ ማሽኑ ይሠራል፣ ነገር ግን ስክሪኑ ይዘገያል፣ ባትሪውም ያለ ምክንያት ያልቃል።

አራተኛ፣ ድራይቨሩን መጫን። አዲሽናል ድራይቨርስ በሚለው መስኮት ኡቡንቱ «የሚመከር» ያለውን ምረጡ። ከአምራቹ ገጽ በቀጥታ የወረደ ድራይቨር ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሊሰበር ስለሚችል አልመክረውም።

አምስተኛ፣ ሴኪዩር ቡት። ይህ ጥበቃ ያልተፈረመበትን ድራይቨር አያስገባም። በመጫን ጊዜ የይለፍ ቃል ከተጠየቃችሁ አስታውሱት፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ፊርማውን ለመመዝገብ የሚጠይቅ ሰማያዊ ገጽ ይመጣልና። ገጹ የሚጠብቀው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ያ ካመለጠ ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም፤ ብዙ ሰዎች ምክንያቱ የሚሰወርባቸው እዚህ ላይ ነው።

የትኛውን አሠራር እንምረጥ?

ከተጫነ በኋላ ሦስት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ብርቱውን ካርድ ፈጽሞ ማጥፋት ነው፤ ለመስክ ቀን የሚበጀው ይህ ነው። ሁለተኛው ብርቱው ካርድ ሁልጊዜ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ መብራት ባለበት ቤተ ሙከራ ለሥልጠና ሥራ ይሆናል። ሦስተኛው በጥሪ የሚነሣበት አሠራር ሲሆን ለዕለት ተዕለት ሥራ የተሻለው ነው። ልብ በሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ቱሪንግ ትውልድ በፊት የተሠሩ ካርዶች በሦስተኛው አሠራር ሙሉ በሙሉ አይተኙም። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ያለው ሰው ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ወደ መጀመሪያው መቀየር ይገባዋል።

ከታዳሚው የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መምህር፣ ላፕቶፔን ከፕሮጀክተር ጋር ሳገናኘው ምንም አይታይም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ በብዙ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ መሰኪያው የተገናኘው ከብርቱው ካርድ ጋር ነው። ካርዱን አጥፍተውት ከሆነ መሰኪያውም አብሮ ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፍዎን የሚከላከሉ ከሆነ በዋዜማው ወደ ሦስተኛው አሠራር ይቀይሩ፣ ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ፣ በዚያው አዳራሽም ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ድራይቨሩ የማይደግፈው አሮጌ ካርድ ያለው ላፕቶፕስ ይጣል?

መልስ፦ አይጣልም። ብርቱው ካርድ ቢተኛም አብሮ የተሠራው ካርድ ለካርታ፣ ለመረጃ ምዝገባና ለጽሑፍ ሥራ ይበቃል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ አማርኛም በነጻ ፎንቶች ያለ ችግር ይጻፍበታል። ለሥልጠና ሥራ ብቻ ሌላ ማሽን መፈለግ ያስፈልጋል።

 ፍላሽ የያዛችሁ መጫኛውን ከነማረጋገጫ ቁጥሩ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ መቅዳት ትችላላችሁ።