የጃፓኑ ፓርከር

ፓርከር የተባለውን ጥንድ አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ለሚያውቅ አሜሪካዊ ስሙና አገሩ አንድ ናቸው፤ ኮነቲከት ግዛት፣ ሜሪደን ከተማ። ሆኖም ዛሬ በዚህ ስም ከሚሸጡት ጠመንጃዎች ጥቂት የማይባሉት የተሠሩት ጃፓን ውስጥ ቶቺጊ በሚባል ቦታ ነው፤ ያውም የአሜሪካው ምርት ከቆመ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ። በማጭበርበር የመጡ አይደሉም። በስምምነት፣ በግልጽ፣ «ፓርከር ሪፕሮዳክሽንስ» በሚል ስም ለገበያ የቀረቡ ዳግም ሥራዎች ናቸው። እኔ በዚህ ዘመን ከተሠሩ መሣሪያዎች ሁሉ የላቀ ክብር ይገባቸዋል ብዬ የማምነው ለእነዚህ ነው።

አገራችን በደንብ የምታውቃቸው ምንሽርና ውጅግራ አንዲት ጥይት ሩቅ የሚሰድዱ ናቸው። ሾትጋን ግን ሌላ ነው። በአንድ ተኩስ ብዙ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎችን ይበትናል፤ የተሠራውም በአየር ላይ ለሚበር ወፍ ነው። በጥንድ አፈሙዙ ዓይነት ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ ከሰደፉ ጋር በማጠፊያ ይያያዛሉ። አዳኙ ጠመንጃውን ሰብሮ ይከፍትና ሁለት ጥይት ያጎርሳል፤ የመጀመሪያው ቢስት ሁለተኛው በቅጽበት ዝግጁ ነው። የአፈሙዙ ስፋት የሚለካው በጥንታዊ ዘዴ ነው፦ 12 የሚባለው ጠመንጃ፣ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ አሥራ ሁለት እኩል ድቡልቡሎች ቢሠሩ የአንዱ ድቡልቡል ስፋት አለው ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል። 12 ቁጥር ወደ 18.5 ሚሊሜትር፣ 28 ቁጥር ደግሞ 14 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ የስፋት ጉዳይ ዋጋው ላይ ስንደርስ ዋና ይሆናል።

ቻርልስ ፓርከር ሥራውን የጀመረው በቡና መፍጫ ነበር። ወደ አደን ጠመንጃ የዞረው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ1860ዎቹ ማብቂያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ 242,000 ያህል ተመርተዋል። ማሽን ቢኖርም መጨረሻው የእጅ ሥራ ነበር፤ ብረት ከብረት፣ ብረት ከእንጨት ክፍተት እስኪጠፋ በሞረድ ይገጣጠማል፣ ከዚያ ቀራጩ ወፍና ውሻ፣ ቅጠልና ሐረግ ይቀርጽበታል። ጠመንጃዎቹ በፊደል ደረጃ ይለዩ ነበር። ዲኤችኢ ሲባል «ዲ» ደረጃውን፣ «ኤች» በውጭ የሚታይ መቺ የሌለው መሆኑን፣ «ኢ» ደግሞ የተተኮሰውን ቀለህ ራሱ የሚያፈናጥር መሆኑን ይናገራል። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ግን ይህን መሰል ሥራ የሚችል ገዢ አሳጣው። ሌላው የአሜሪካ ጠመንጃ ሠሪ ሬሚንግተን በ1934 ፓርከርን ገዛ፣ ሥራውንም ወደ ኒው ዮርክ ግዛት ኢሊዮን አዛወረው፤ ጦርነቱ ሲመጣ ምርቱ ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ አንድ አፈሙዝ ያላቸው ርካሽ ተደጋጋሚ ተኳሾች ገበያውን ስለያዙት፣ የእጅ ባለሙያ ደመወዝም ስለናረ የሚመልሰው አልተገኘም።

የቀሩት አሮጌዎቹ ውድ ሆኑ፤ ከውድነታቸውም ጋር ለሥራ አስቸጋሪ ሆኑ። ብዙዎቹ ብረትና አረብ ብረት ተጠማዝዞ በሚሠራው የደማስቆ አፈሙዝ፣ ለጥቁር ባሩድ የተዘጋጁ ናቸው። የጥይት ማጉረሻቸውም ከዛሬው ጥይት የሚያጥር አለ። ባለቤቱ በአንድ በኩል ለዓይኑና ለእጁ፣ በሌላ በኩል ለገንዘቡ እየሰጋ ጠመንጃውን ቁምሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ለጫካ የተሠራ ነገር እንዲህ ሲታሰር ማየት ያሳዝናል።

መፍትሔው ከጃፓን መጣ። የቶቺጊው የኦሊን ኮደንሻ ፋብሪካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለአሜሪካው ጠመንጃ ሠሪ ለዊንቸስተር አፈሙዞቹ የተደራረቡበትን ሞዴል 101 ሲሠራ የኖረ፣ እጀ ወርቅ ባለሙያዎች የነበሩበት ቤት ነው። በ1984 የመጀመሪያዎቹ አዲስ ፓርከሮች ከዚያ ወጡ። አብዛኞቹ ዲኤችኢ ሲሆኑ ከፍ ያሉት ቢኤችኢና ኤ-1 ስፔሻልም ነበሩ። አሠራሩ የድሮውን እርምጃ በእርምጃ ከመከተሉ የተነሳ ብዙ ክፍሎቹ ከሜሪደኖቹ ጋር ሊለዋወጡ ይችላሉ ይባልላቸዋል። የሰደፉ ጫፍ ላይ ያለው መሐሉ ክፍት የብረት ክፈፍ እንኳ አልቀረም፤ እንጨቱን እየቆረጡ ብረቱን ማስገባት ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚፈልገው ነው። ማሻሻያው ያለው ዓይን በማያየው ቦታ ነው፦ ዘመናዊ ብረት፣ ውስጡ ክሮም የተቀባ አፈሙዝ፣ ለዛሬው ጥይት የሚበቃ ማጉረሻ። በጥቂት ዓመታት 12,000 ገደማ ከተሠሩ በኋላ በ1980ዎቹ መጨረሻ ምርቱ ቆመ።

መጀመሪያ ላይ «የጃፓን ቅጂ» እያሉ ያጣጣሉት ነበሩ። ዛሬ ግን ቅጂው ራሱ ተፈላጊ ሆኗል፣ ዋጋውንም የሚወስኑት የድሮውን የሚወስኑት ነገሮች ናቸው። 12 ቁጥሩ ይረክሳል፤ 28 ቁጥሩ፣ በተለይ ሁለት ጥንድ አፈሙዝና የቆዳ ሣጥኑ አብረውት ካሉ፣ ይወደዳል። ያም ሆኖ ያልተነካካ የሜሪደን 28 ቁጥር ከጃፓኑ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ሰብሳቢው የሚከፍለው ለብርቅነትና ለታሪክ ነው። ሌላው የአሜሪካ ስመ ጥር፣ የፊላዴልፊያው ፎክስ፣ ይህን በደንብ ያሳያል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲሄዱ አንስሊ ፎክስ ያበረከተላቸው ጠመንጃ በ2010 ጨረታ ላይ 862,500 ዶላር አወጣ። ወፍ በመምታት በኩል ከሌላው ጥሩ ፎክስ የሚበልጥበት ነገር የለውም።

ፎክስም ዳግም ተወልዷል፤ ከሜሪደን ብዙም በማይርቀው ኒው ብሪተን ከተማ፣ ኮነቲከት ሾትጋን የተባለው ቤት ከ1990ዎቹ ጀምሮ በትእዛዝ ሠርቶታል። የዊንቸስተርን ሞዴል 21ም እንዲሁ። እነዚህ ግን ከጃፓኑ በተለየ መንገድ የሄዱ ናቸው፤ በአሜሪካ እጅ፣ ለአንድ ገዢ ልክ ስለሚሠሩ ዋጋቸው ከብዙ ጥሩ አሮጌዎች ይበልጣል። ውበታቸውን አልክድም። ነገር ግን ጠመንጃውን ከቁምሳጥን አውጥቶ እርጥብ ሣር ውስጥ ለመመላለስ የሚያስደፍረው የጃፓኑ ፓርከር ነው ብዬ አስባለሁ።

ለገዢ የከፋው ወጥመድ ያለው ከአሮጌዎቹ ዘንድ ነው፤ ዝቅተኛ ደረጃ የነበረውን ሜሪደን እንደገና ቀርጾ ከፍተኛ አስመስሎ መሸጥ የቆየ ልማድ ነው። ደግነቱ የፋብሪካው የትእዛዝ መዝገቦች በአብዛኛው ተርፈዋል፤ የፓርከር ሰብሳቢዎች ማኅበርም የጠመንጃውን ቁጥር ተቀብሎ መጀመሪያ በምን ደረጃና ስፋት እንደታዘዘ በደብዳቤ ይገልጻል። ደብዳቤው ከጠመንጃው ጋር ካልተስማማ ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር የከፍተኛ ደረጃ ዋጋ አይከፈልበትም። ደብዳቤው ቢስማማም እንኳ፣ አሮጌው ከመተኮሱ በፊት የአፈሙዙን ግድግዳ ውፍረትና የማጉረሻውን ርዝመት ጠመንጃ ሠሪ ይለካው።