ክረምት ሳይገባ ስለሚሠራው የገበሬ ሥራ

በአዲስ አበባ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ ወገን የሚወስደው መንገድ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ያልፋል። ድልድዩ የሚጠራው በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ነው፤ እርሳቸውም ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የጦር ሚኒስትር ሆነው በ1919 ዓ.ም. እስከ ዐረፉ ድረስ በታላቅ ሥልጣን የኖሩ ናቸው። በዚያው ሹመት ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ለእርሻ ሥራ ሚኒስትር ተብለው ተሹመዋልና፥ ጦሩና እርሻው በአንድ ዓመት ሚኒስትር አገኙ ማለት ነው። በበጋ በድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፥ ለዚህች ቀጭን ውሃ ይህን ያህል ድልድይ ምን አስፈለገ ብሎ ይደነቅ ይሆናል። በነሐሴ ተመልሶ ያየ እንደ ሆነ ግን፥ ከእንጦጦ ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ራሱ መልሱን ይሰጠዋል። ድልድይ የሚለካው በክረምቱ ውሃ ነው። የገበሬውም ቦይ፥ ጎተራና በረት በዚሁ ልክ ሊለካ ይገባል።

በባሕረ ሐሳብ ቁጥር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል። ዝናሙ ግን ሁልጊዜ ቁጥሩን አይጠብቅም። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚዘንበው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል፤ ከሁሉም ሐምሌና ነሐሴ ይበረታሉ። ስለዚህ የዝግጅቱ ጊዜ ግንቦትና የሰኔ መባቻ ነው። ይህም ጊዜ ጎተራው የሚጎድልበት፥ በሬው የሚከሳበት፥ እርሻው የሚበዛበት ወቅት ነውና፥ ሹሙ ገበሬውን ስለ መዘግየቱ ከመውቀሱ በፊት ይህን ማስተዋል ይገባዋል።

ከሥራው ሁሉ ቀዳሚው የውሃ መንገድ ነው። በተዳፋት ላይ ያለ ማሳ ከበላዩ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀበልለት ቦይ ያስፈልገዋል፤ ቦዩም ከማሳው ራስ በላይ አግድም ተቆፍሮ፥ ውሃው ሳይሮጥ እንዲሄድ ጥቂት ብቻ ዘንበል ይደረጋል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ቁልቁል በቀጥታ መቅደድ ነው። ውሃው ቶሎ ስለሚወጣ ገበሬውን ደስ ያሰኘዋል፤ ነገር ግን ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ቦዩ ራሱ ገደል ይሆናል። በማሳው ውስጥ በማረሻ የሚወጣውም ፈሰስ እንዲሁ ነው። የቦዩም መጨረሻ ሣር ወደ በቀለበት መሬት ወይም ወደ ወንዝ መድረስ አለበት እንጂ በጎረቤት ማሳ ራስ ላይ መቆም የለበትም።

ሹሙ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ገበሬ ጎተራውን ብቻውን ሊጠግን፥ በሬውንም ብቻውን ሊቀልብ ይችላል፤ ውሃውን ግን ብቻውን ሊያስወጣ አይችልም። የላይኛው ባለ ማሳ የለቀቀው ጎርፍ የታችኛውን ዘር ይጠርግና በሐምሌ ጠብ ይነሣል። ጠቡ በሽማግሌ ቢታረቅ እንኳ የተጠረገው ዘር አይመለስም። ስለዚህ በግንቦት፥ መሬቱ ደረቅ ሰዉም በሰላም ሳለ፥ ሹሙ ከሽማግሎችና ከእርሻ ባለሙያው ጋር ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች በእግሩ ሄዶ፥ የጋራው ቦይ በሚያልፍበት ሁሉ ችካል ማስተከል አለበት። መንገድ በተሠራበትም ቦታ፥ ከመንገዱ ሥር በቱቦ የሚወጣው ውሃ በማን ማሳ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይታይ። ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ዓመታት እንደ ገመቱት፥ በኢትዮጵያ ሰብል ከሚዘራበት መሬት በየዓመቱ ከአንዱ ሄክታር 42 ቶን ገደማ አፈር ይታጠባል፤ ይህም ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ባለ ማሳው ይህን በዓይኑ አይለየውም፤ የደፈረሰውን ወንዝ ከድልድይ ላይ ቆሞ የሚያየው የከተማ ሰው ነው።

በጥቁር መሬት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሆን ይቈጠራል፤ ውሃውን ይዞ ስለማይለቅ ዘሩ ይበሰብሳል፥ ብዙውም ገበሬ ዝናሙ እስኪቀንስ ጠብቆ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ሰዎች ማሳቸውን በእጅ መደብ መደብ እያደረጉ መካከሉን ለውሃ መሄጃ ይተዋሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻም ለአፍሪካ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የከብት ሀብት ማዕከል ባለሙያዎች፥ ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው እንዲህ ያለውን መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርተዋል። መሣሪያው ያልደረሰው ቤተ ሰብ ዶማና ጉልበት ካለው የእነዋሪዎችን ሥራ መከተል አያቅተውም፤ ድካሙ ግን ቀላል ነው ብሎ የሚነግረው ሰው ቢኖር ቆፍሮ አያውቅም።

ስለ በሬ የሚባለው ብዙ አይደለም፥ ነገር ግን ከባድ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ሕዝቡ ደስታ ብሎ የጠራው በሽታ ገብቶ ከብቱን ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨምሮ እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን ሆነ። መሬቱ በቦታው ሳለ የሚያርሰው በሬ ስለ ታጣ ማሳው ጦሙን አደረ፤ ዐፄ ምኒልክም በእጃቸው እየቆፈሩ ለመኳንንቱ አርአያ ሆኑ። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ግን አልጠፉም፤ ክትባቱም ኀይል እስኪያገኝ ጊዜ ስለሚፈልግ ዝናም ሳይጀምር መሰጠት አለበት። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት አይገፈፍም፥ አይበላምም፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል። መልካሙ የጤፍ ጭድ ደግሞ በየካቲት ተበልቶ እንዳያልቅ፥ የሚያርሱት በሬዎች ድርሻ ተለይቶ፥ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ጫፉ ሹል ሆኖ ይከመር።

ዘርን የሚፈጀው ነቀዝ ብቻ አይደለም። ከሰኔ ጀምሮ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፥ የተራበ ቤተ ሰብ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፤ ልጆቹ እያለቀሱ ቁና እህል ተሰቅሎ ሊቆይ አይችልምና በዚህ ማንም አይፈረድበትም። ፍርዱ የሚሆነው፥ የትኛው ቤት በሬ እንደሌለው፥ የትኛዋ ባልቴት ጎተራዋ ባዶ እንደ ሆነ እስከ ሰኔ ሳያውቅ በቆየው ሹም ላይ ነው። የዘር ብድር በሐምሌ መጨረሻ ቢደርስ እንደ ምግብ እንጂ እንደ ዘር አይቈጠርም። የተረፈውንም ዘር መፈተን ቀላል ነው። መቶ ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ እስከ ሳምንት ማቆየት ይበቃል፤ ከሰማንያ ያነሰ የበቀለ እንደ ሆነ ዘሩን መለወጥ ይሻላል።

ለምግብ የሚቆየው እህል በግንቦት ፀሐይ ይሰጣ፤ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና አልደረቀም። ጎተራው በድንጋይ ላይ ከፍ ይበል፥ ስንጥቁም በእበትና በጭቃ ይመረግ። ነቀዝ ለማጥፋት የሚሸጠው የሚተን ኪኒን፥ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ከተደረገ ሰውንም ይገድላል፤ ይህን በየገበያው ማስነገር ያስፈልጋል። ቤት መክደንን፥ ኩበትና እንጨት ከዝናም በፊት ማስገባትን ባላገሩ ያውቀዋል።

በመስከረም ዝናሙ ሲያቆም ሹሙ ያንኑ ተዳፋት እንደገና በእግሩ ይሂድበት። ቦዩ የተናደበትን ቦታ በመዝገብ ያጽፍ፤ በቦዩ ውስጥ የቀረውም ደለል በቅርጫት እየተጫነ ወደ ማሳው ራስ ይመለስ።